እትዬ ባየሽ ለነጠላቸው ተመለሱ

እስካለፈው መስከረም ድረስ ወንድሜን ከሞት ያተረፍኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ጉራ እንዳይመስልብኝ ለማንም አላወራሁትም። ግን ልዑልቃል ጀልባ የሚያህል ጫማውን ኮሪደር ላይ ወርውሮ ሲያልፍ፣ «አይ አንተ! እኔ ባልኖር የት ትገኝ ነበር?» እላለሁ በሆዴ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተኮፍሼ ኖርኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለካ ለእኔ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ዛሬም ወላጆቼ የሚኖሩበት፣ ከሲያትል አጠገብ ሾርላይን ያለው ነው። በዚያ ዓመት እናቴ የኔነሽ እርጉዝ ሆና ሳለ፣ ጥቅምት ላይ አሮጌው ፈርነስ፣ ማለት ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ማሽን፣ ተበላሸና አባቴ ጓደኛውን ጋሽ ሙላቱን ጠራው። የጋሽ ሙላቱ ሥራ ፈርነስ መግጠም ነው። ሲገባ ጫማውን አያወልቅም፤ ሰማያዊ ላስቲክ ያጠልቅበታል። እኛ ቤት ጫማውን የማያወልቅ እንግዳ አይቼ ስለማላውቅ፣ ይሄ ሰውዬ እግሩ ላይ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈራሁት።

ፈርነሱ የሚቀመጠው ታች፣ ደረጃው ሥር ያለች ክሎዘት፣ በር ያላት ጠባብ የዕቃ ክፍል፣ ውስጥ ነው፤ ከጎኗ አንድ መኝታ ቤት አለ። ጋሽ ሙላቱ አዲሱን ከገጠመ በኋላ የክሎዘቷን የውጭ ግድግዳ ሁለት ቦታ በሳው፤ አንዱን ከጣሪያው ሥር፣ አንዱን ከወለሉ አጠገብ። የእኔን ጭንቅላት የሚያክል ቱቦ አስገባባቸው። አባቴ መዳፉን ቀዳዳው ላይ ዘርግቶ ብርዱን ለካ።

«ሙሌ፣ ሶ ቤቱን ልናሞቅ ነው ወይስ ውጪውን ልናስገባ?»

«እሳቱ የሚነድበት አየር ይፈልጋል ዘካሪያስ። ክሎዘቷ ጠባብ ናት፣ በሯም ግጥም ያለ ነው። ከውጭ አየር ካላገኘ በደንብ አይነድም፤ ጭሱም ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው። ኢንስፔክተሩ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ነው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። አንተ ካልክ።»

እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያኔ አማርኛ ሲፈጥንብኝ ግማሹ ያመልጠኝ ስለነበር፣ የገባኝ ሰውዬው ግድግዳችንን በስቶ መሄዱ ብቻ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እትዬ ባየሽ ከአዲስ አበባ መጡ። የእናቴ አክስት ናቸው፤ እናቷ ስትሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የመጡት ስትወልድ ሊያርሷት ነው። ሻንጣቸው ሲከፈት የገንፎ ዱቄቱና የአጥሚቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔን ገና ሲያዩኝ «የኔ አንበሳ» አሉኝ፤ ስሜም እሱ ሆኖ ቀረ።

ልዑልቃል ተወለደ። እናቴ ደረጃ እንዳትወጣ ታችኛው መኝታ ቤት ተኛች፤ እትዬ ባየሽም ክፍሉን አራስ ቤት አደረጉት። የአራስ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ነፋስ አይግባ። የእናቴን ራስ በሻሽ ጠመጠሙ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፈኑ፣ መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉ። በር በተከፈተ ቁጥር «ዝጉት! ዝጉት!» ነው።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ሴት በወለደች በሳምንቷ ሾፒንግ ትሄዳለች» ትላለች እናቴ እየሳቀች።

«ትሂዳ! አርባ ዓመት ሲሞላት ወገቧ ይነግራታል።»

ከዚያ በረዶው መጣ። ያን ታኅሣሥ የሲያትል ሰው አይረሳውም፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አውቶብስ ቆመ፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተንሸራተተ። እትዬ ባየሽ በመኝታ ቤቱ በር ሥር የሚገባውን ቅዝቃዜ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሲከተሉት ክሎዘቷ ጋ ደረሱ። ከፍተው ቀዳዳዎቹን ሲያዩ አማተቡ።

«ወይ ጉድ! በገዛ እጁ ግድግዳ በስቶ ብርድ የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም! አራስና ጨቅላ ባለበት ቤት!»

የታችኛውን በጋቢያቸው ደፈኑት። ለላይኛው ፎጣ ጠቀለሉና እኔን ባልዲ ላይ አቁመው አስወተፉኝ። እጄ የደረሰው በጣቴ ጫፍ ነው። «ጎሽ የኔ አንበሳ!» አሉኝ። ትምህርት ቤት እንኳ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።

በማግስቱ እናቴን ራሷን አመማት። «ብርድ ነው፤ ያላየሁት ቀዳዳ አለ ማለት ነው» አሉ እትዬ ባየሽና የመኝታ ቤቱን በር ሥር በብርድ ልብስ ደፈኑ። እኔን ሙቀቱን ጨምሪ አሉኝ፤ የግድግዳውን መቆጣጠሪያ የማውቀው እኔ ነኝና ወደ ላይ ገፋሁት። እናቴን ባሰባት። እኔን አቅለሸለሸኝ። አባቴም «ጉንፋን ገባብን» አለ። አሁንም ሙቀት ጨመርኩ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ብርዱን የሸሸን መስሎን ወደ መርዙ ነበር የምንጠጋው። መስኮቶቹ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር፤ እኔ በጣቴ ድመት እስልባቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙላቱ አራስ ሊጠይቅ በእግሩ መጣ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብሎ ያመጣውን ብርቱካን አስቀመጠ። ሊቀመጥ ሲል መስኮቱን አየ፤ የእኔን ድመት አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ይሄ መስታወት እንዲህ ማላብ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ክሎዘቷ ሮጠ። ጋቢውን ጎትቶ ኮሪደር ላይ ጣለው። ፎጣውንም ጣለው። ፈርነሱን አጠፋ። ከዚያ ፕላስተሩን ገሽልጦ የአራሷን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው፤ በዚያ በረዶ! ልዑልቃል ብንን ብሎ ጮኸ። እትዬ ባየሽ ሕፃኑን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ምን አደረገችህ? አራሷን በነፋስ ልትገድላት ነው?»

«እርስዎ ነዎት ሊገድሏት የነበሩት!» ብሎ ጮኸባቸው። «እሷን ብቻ? ቤተሰቡን በሙሉ!»

ለእትዬ ባየሽ አባቴ ራሱ ከወንበሩ ብድግ ነው የሚለው፤ ሰው ሲጮህባቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጋሽ ሙላቱን ጠላሁት። ላይ ፎቅ ወጥቼ አልጋዬ ሥር ገባሁና ለራት ሲጠሩኝም አልወጣሁም።

ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን አላየሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ካደግሁ በኋላ። ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ጋሽ ሙላቱ አየሩን በመሣሪያ ለክቶ ፈርነሱን አስነሳው። እትዬ ባየሽ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳቸው። «ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይሸትም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ከዚያ ያስተኛል። ከዚያ መንቃት የለም።» ይሄ መርዝ ሲኖር የሚጮህ አላርም እንደሚያመጣም ቃል ገባ፤ ያን ዕለት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር። ከዚያ ወፍራም ጥቁር ማርከር አወጣና ከሁለቱም ቀዳዳዎች በላይ በትልልቁ ጻፈ፦ «እንዳይደፈን! ሰው ይሞታል።» በአማርኛ የጻፈው ለእትዬ ባየሽ ብሎ ነው። አንብበው «ገብቶኛል ልጄ» አሉት። በዚያ ቤት ፊደል የማይለይ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ። ለእኔ ያስረዳኝ አልነበረም። ያጠፉት እትዬ ባየሽ፣ የገባቸውም እሳቸው፣ ነገሩ አለቀ ተባለ።

እትዬ ባየሽ ከዚያ በኋላ ቀዳዳዎቹን አልነኩም። ራስ ምታቱ ለቀቀን፤ እኔ ግን ያየሁት ቤቱ መቀዝቀዙን ነው። ሳቃቸውም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልዑልቃል ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውት «አይ ልጄ! በዚህ ነፋስ እንዴት ልትከርም ነው?» አሉ፤ እንባቸው ግንባሩ ላይ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ሊሞት ነው አልኩ። አባቴ ከትናንት ጀምሮ ሲታክ ኤርፖርት ነው፤ የመንገደኛ ሻትል ይነዳል፣ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው አድሯል። ከእኔ በቀር ማን አለው?

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። ልብሴን ሁሉ ታቅፌ ወደ ክሎዘቷ ገባሁ። ባልዲው እዚያው ነው። ሹራቤን ጠቅልዬ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኩት። ለታችኛው ስካርፌን፣ ሁለት ኮፍያ፣ በመጨረሻም ቀይ ጓንቶቼን በቡጢዬ እየገፋሁ አስገባሁ። ጥቁሩን ጽሑፍ የሰውዬው ፊርማ መስሎኝ ምላሴን አወጣሁበት። ከዚያ ሙቀቱን ጨመርኩና ውጪ በረዶ ልጫወት ወጣሁ።

ይህችን ክፍል ነው አእምሮዬ የዋጣት። ሁለቱን መድፈን አንድ አድርጎ ሰፋቸው፤ ባልዲው አንድ፣ ፎጣው አንድ፣ ጎሽ ያሉኝ እሳቸው። አውቄ ረሳሁ ወይስ መርዙ አስረሳኝ፣ እግዜር ይወቀው።

እጄ ባዶውን ስለነበር ብዙ አልቆየሁም። ስመለስ ቤቱ ሞቆ ጠበቀኝ። ወደ ታች ወረድኩ። እናቴ ተኝታለች። ልዑልቃል አጠገቧ ተኝቷል፤ አያነጥስም፣ አያለቅስም። እትዬ ባየሽ ወንበራቸው ላይ አገጫቸው ደረታቸውን ነክቶ አንቀላፍተዋል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሁሉም ሞቋቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የልዑልቃልን እጅ ነካሁ፤ ጣቴን አልጨበጠም። ጥሩ እንቅልፍ ነው አልኩ። ራሴን ሲያመኝ ሳሎን ወጥቼ ኮቴን ሳላወልቅ መስኮቱ ሥር ተጋደምኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

በር ተንኳኳ። ቀና ስል ጋሽ ሙላቱ ነው፤ እስከ ጉልበቱ በረዶ፣ በእጁ ፌስታል። አላርሙን ነበር ያመጣው፤ አውቶብሱ ከሩቅ አውርዶት አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ ሄዷል።

«መክሊት! ክፈቺልኝ የኔ ቆንጆ!»

«ኖ!» አልኩት። «እትዬን አስለቅሰሃል!»

ሊስቅ ሲል ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ውሃው በመካከላችን ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፊት ዛሬም አልረሳውም። በሩን በትከሻው ይመታው ጀመር። «ክፈቺ! መክሊት፣ ክፈቺ!» ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እሸሻለሁ። አልከፍትም! ሊያስገባ የመጣው ብርዱን ነው፣ ደግሞ ሊጮህባቸው ነው። ከኋላዬ የሚጎተት ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ባየሽ ደረጃውን በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጥተዋል። በጎኔ አልፈው መቀርቀሪያውን ሳቡትና እዚያው ወደቁ።

ጋሽ ሙላቱ ዘሎአቸው ገባ። ከታች ልዑልቃልን ይዞ ወጣና እኔን በክንዴ ስቦ በረዶው ላይ አስቀምጦ አስታቀፈኝ። «ኮትሽ ውስጥ ክተቺው። እንዳትለቂው!» እትዬ ባየሽን ጎትቶ ደጃፉ ላይ አወጣቸው። ተመልሶ እናቴን ተሸክሞ መጣ፤ እጇ እንደ ጨርቅ ይወዛወዝ ነበር። በመፍቻ የጋዙን መዝጊያ ከውጭ ቆጣሪው ላይ ዘጋና ናይን ዋን ዋን እየደወለ እናቴ ላይ ተንበረከከ። «የኔነሽ! የኔነሽ!»

በዚህ መሐል ነው እትዬ ባየሽ ተነስተው ወደ ቤት የተመለሱት።

«እትዬ! የት ነው የሚሄዱት? ይመለሱ!» እናቴን ጥሎ ሊከተላቸው አልቻለም።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። ልዑልቃል ኮቴ ውስጥ ትንሽ ሲያቃስት ሰማሁት፤ ከዚያ አለቀሰ። ያን ለቅሶ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። እናቴም አስመለሳት፤ ዓይኗን ገለጠች። እትዬ ባየሽ ነጠላቸውን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። በረዶው ላይ በጉልበታቸው ወደቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልቤ አላስችል ብሎኝ መልሼ ደፍኜው ነበር። አሁን አውጥቼዋለሁ። እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙላቱ አያቸው። እንትፍ ብሎ በረዶው ላይ ተፋ።

አምቡላንሱ ውስጥ አንዷ ሠራተኛ «ወንድምሽን ያሞቅሽው አንቺ ነሽ፣ ጀግና!» አለችኝ። የእኔ ጀግንነት የተጀመረው እዚያ ነው። ሦስታችንም ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎልን ዳንን። እሳቸውም ዳኑ፤ ነጠላውን ግን ነርሶቹ ሊቀበሏቸው ሲሉ እምቢ አሉ። ከሳምንት በኋላ ሹራቤ፣ ስካርፌና ኮፍያዎቼ ታጥበው መሳቢያዬ ውስጥ ተገኙ። ጓንቶቼ ጠፉ፤ በረዶ ላይ ጥላቸው ይሆናል ብላ እናቴ ሌላ ገዛችልኝ።

እትዬ ባየሽ የገና በዓል እንዳለፈ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ልዑልቃል አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና ሲነሳ አልነበሩም። አባቴ ኤርፖርት ሲያደርሳቸው አንድ ቃል አልተናገራቸውም፤ ዳግመኛም አልተጠሩም። እኔ ያባረራቸው ጋሽ ሙላቱ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም። አባቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራት ወግ አገኘ፤ «ሰው እየሞተ፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ልታመጣ ተመለሰች!» ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። እናቴ ብቻ ሳህን ታነሳለች።

ባለፈው መስከረም ያ ፈርነስ በተራው አረጀ። ጋሽ ሙላቱ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ጫማው ላይ ግን ያው ሰማያዊ ላስቲክ ነው። አዲሱ ማሽን የሚያስፈልገውን አየር በራሱ ዝግ ቱቦ በቀጥታ ከውጭ ስለሚስብ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች አያስፈልጉም፤ ሊዘጋቸው ነው። እኔ ባትሪ ያዝኩለት። ጽሑፉ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። አሁን ማንበብ እችላለሁ። «እንዳይደፈን! ሰው ይሞታል።»

የታችኛውን ቱቦ ነቅንቆ ሲያወጣው ከእጥፋቱ ጀርባ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። አቧራ የጠጣ ትንሽ ጓንት። ጋሽ ሙላቱ አንስቶ አራገፈው፤ ቀይ ነበር።

ባልዲው መጣብኝ። ሹራቡ፣ ቡጢዬ፣ ያወጣሁት ምላስ፣ ጣቴን ያልጨበጠው እጅ። ግድግዳውን ያዝኩ። ጋሽ ሙላቱ ጓንቱን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የእትዬ ባየሽ እጅ እዚህ ውስጥ አይገባም» አለ ቀስ ብሎ።

የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። «ለዚህ ነው የተመለሱት» አለ። «ልብስሽን ከቀዳዳው አውጥተው በነጠላቸው ሊደብቁልሽ፣ ያ ሁሉ መርዝ ውስጥ። እኔ ደግሞ ፊታቸው ተፋሁ።»

አባቴ ሻይ ይዞ ሲወርድ «ምን አገኛችሁ?» አለ። ጓንቱን ሰጠሁትና ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ድሮ እኔ የምቀመጥበት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። እትዬ ባየሽ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ማነሽ?»

«መክሊት ነኝ እትዬ።»

«እሰይ! የኔ አንበሳ! ልዑልቃሌ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። እትዬ…» ጓንቱን ከአባቴ እጅ ወሰድኩት። «እትዬ፣ ጓንቴን አገኘሁት።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ቀኙን ነው ግራውን?»

አውራ ጣቱን አይቼ «ግራውን» አልኳቸው። አለቀስኩ።

«እንግዲያው ቀኙ እኔ ጋ ነው፤ ሣጥኔ ውስጥ። ያኔ ዓይኔ ጨልሞብኝ በእጄ ብዳብስ ብዳብስ እሱን አጣሁት። ስልክ በጮኸ ቁጥር አገኙት እያልኩ ስሳቀቅ ኖርኩ።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ማን አየው?»

አባቴንና ጋሽ ሙላቱን አየሁ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሁሉም አዩት እትዬ።»

«ውይ! ምነው ልጄ!» አሉ እትዬ ባየሽ። «ደብቀሽው ቢሆን ምን ነበረበት?»

አባቴ ስልኩን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።